የሐበሻ ሰዓት የቆጠረችው ሳጥን

ባለፈው ወር ኻሊድ የሚባል ሰው አስጠራኝ። ኻሊድ ማዶ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሱቅ የነበረው ነጋዴ ነው፤ እዚያ ነገሩ ሲበላሽ ቤተሰቡን ይዞ የድንበሩን ድልድይ ተሻገረና ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ የስልክ ቻርጅ ቤት ከፈተ። ጣሪያው ላይ ያሉትን የፀሐይ ሰሌዳዎች የምትቆጣጠር፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ሳጥን አለችው፤ እሷ እምቢ ብላው ነበር። በዚህ አገር እምቢ ያለ ዕቃ ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ሰባን ካለፍሁ ቆይቻለሁ፤ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አልችልም፤ እጄ ግን የድሮው እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ክዳኗን ከፈትሁ፣ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ሆዷ ላይ በየድሁ፣ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ አስነሣኋት። እንዲህ ያለች ሳጥን ስትነሣ ውስጧ ያለውን ሁሉ በነጭ ጽሑፍ ትዘረግፈዋለች፤ ማንበብ ለሚችል። እኔ እችላለሁ። ጥፋቷን ወዲያው አገኘሁት። እጄን ያቆመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ሳጥኗን የሚያሠራትን የኮምፒውተር ሥርዓት የሠሩት ሰዎች ስም ተደረደረ፤ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፣ አንዳቸውንም አላውቅ። ከሁሉም በታች በላቲን ፊደል እንዲህ ይላል፦ «የሐበሻ ሰዓት፣ አየልኝ፣ መተማ»።

«ጋሼ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ ኻሊድ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ።

«ታዲያ ሌላ የትኛውን አየልኝ ታውቃለህ?» አልሁት።

ስልካቸውን ሊያስሞሉ የቆሙት ሁሉ ከበቡኝ። «የኛ ሰው በሱዳን ሳጥን ውስጥ!» አለ አንዱ ሹፌር። ቀዝቃዛ ለስላሳ ታዘዘልኝ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ በምዕራብ ጎንደር ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት በትንሽ ሳጥን ውስጥ ከትቶ የሐበሻ ሰዓት ያስቆጠረ የመጀመሪያው ሰው እኔ እንደሆንሁ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት እንደሌለኝ፣ እንግሊዝኛውንም ከዕቃ መመሪያ ላይ ቃል በቃል እንደለቀምሁት አወራሁላቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ ኻሊድን ሳጥኗን ከየት እንደገዛት ጠየቅሁት። «ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ከአንድ ቀጭን ሰውዬ» አለኝ፤ «ሲሠራ በአፍንጫው ያዜማል። ገበያው ከተበተነ ወዲህ ግን የት እንደገባ አላውቅም።» ለስላሳውን አስቀመጥሁት። ሰውዬውን አውቀዋለሁ። እድሪስ ነው። መተማ ገበያ መካከል ስሙን ያጠፋሁበት እድሪስ፣ የኔን ስም እዚያ ጽፎታል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፌም ወሬዬም መተማ ነው። ዛሬ የምኖረው ሸሕዲ ቢሆንም ዕድሜዬ ያለቀው ድንበሩ ላይ፣ መተማ ዮሐንስ ነው። ስንት ዓመት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ መንግሥትና የብር ኖት ሲለዋወጥ አልቆጠርሁም። የማስታውሰው ሌላ ነው። ሰሊጥ ሲወቃ ከተማው ሁሉ በዘይት የታሸ ይመስል ነበር፤ ኩንታሉ ከየመጋዘኑ በር እስከ አስፋልቱ ይደረደርና ልጅ አዋቂው ሲያልፍ ጭብጥ አድርጎ አፉ ውስጥ ይጨምራል፣ ተቆጪ የለም። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም እንጠጣ ነበር፣ በትልቁ ብርጭቆ፣ ስኳሩ ታች ተቀምጦ። ፉል ከነዘይቱ ከነሽንኩርቱ በሁለት ብር ሁለት ሰው ያጠግባል። ከደጋ ለአረም የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ የምንላቸው፣ የላስቲክ ጫማቸውን አድርገው ፎጣቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡና መጀመሪያ የሚገዙት ሬዲዮ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ያው ሬዲዮ በላብና በአቧራ ታፍኖ ወደ እኔ ይመለሳል። እኔ አራት ኪስ ያለው የካኪ ኮት ነበረኝ። በየኪሱ ብሎን መፍቻ ነው፤ በዚያ ሙቀት ኮት መልበሴ ያስቃቸው ነበር፤ ግን መሐንዲስ ያለ ኮት ምኑን መሐንዲስ ነው? «መሐንዲስ አየልኝ» የሚል ስም ያወጣልኝ ያ ኮት ነው።

እድሪስ ከኔ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከትልቁ የኒም ዛፍ ሥር፣ አንዲት ጠረጴዛ ዘርግቶ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል። አባቱ የመተማ ነጋዴ፣ እናቱ ማዶ ከገላባት፤ ስለዚህ አማርኛውንም ዓረብኛውንም እኩል ይናገራል፣ ሲደሰት ያቀላቅለዋል። ነጭ ጀላቢያ ነው የሚለብሰው፤ ሲበይድ እጅጌው እንዳይቃጠልበት በላስቲክ ቀለበት እስከ ክንዱ ይሰበስበዋል። ሥራ ሲጥመው በአፍንጫው ያዜማል፣ ከማዶ ካሴት የለቀማትን አንዲት ዜማ፣ ሁልጊዜ መካከሏ ላይ ሲደርስ ይረሳትና ከመጀመሪያው ይጀምራታል። «አንድ ቀን እንኳ ጨርሳት እንጂ!» ስለው፣ «ከጨረስኋት ምን አዜማለሁ?» ይለኛል። ባላንጣዬ መሆን ነበረበት፤ ወዳጄ ሆነ። እኔ እጄ ፈጣን ነው፣ እሱ አእምሮው ረጋ ያለ ነው። ያኔ ብትጠይቁኝ ግን ሁለቱም ያለው እኔ ነኝ እላችሁ ነበር።

መተማን የማያውቅ ይህን ይወቅልኝ፤ እኛ በሁለት ሰዓት ነው የምንኖር። ከድልድዩ ወዲህ ቀኑ ከንጋት ይቆጠራል፣ ከድልድዩ ወዲያ ከእኩለ ሌሊት። ስለዚህ አንዱ ነጋዴ «በአራት ሰዓት እንገናኝ» ካለ ሌላው «በማን?» ማለት አለበት። «በኛ» ከተባለ ረፋዱ ላይ ነው፣ «በነሱ» ከተባለ ወደ ማታ። «በማን?» ሳይል የቀረ ስንት ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል! ባሻ ደምሌ፣ የገበያው ሽማግሌ፣ በግራ እጃቸው የኛን በቀኝ እጃቸው የነሱን፣ ሁለት ሰዓት ነበር የሚያስሩ። ከጊዜ በኋላ እኔን ያሳፈረኝ ጥፋት ከዚህ ልማድ ነው የመጣ፤ ሌላ አገር ቢሆን አይፈጠርም።

የመጀመሪያዋን ሳጥን ያመጣት እድሪስ ነው። ኢንተርኔት ለማከፋፈል የተሠራች፣ ገላባት ገበያ ላይ በኪሎ ከሚሸጥ አሮጌ ዕቃ መካከል ያገኛት ርካሽ ነገር። ከሷ ጋር አንድ ፍላሽ ይዟል። «በዚህ ውስጥ» አለኝ፣ «ማንም አንብቦ፣ ለውጦ፣ ለሌላ እንዲሰጠው የተፈቀደ ሥርዓት አለ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ቀንሰህ ቀንሰህ እንዲህ ያለች ትንሽ ዕቃ ውስጥ መክተት ይቻላል። ገዳሪፍ አንድ ተማሪ ሲያደርገው አይቻለሁ።» እኔ ወዲያው ገባኝ። የሠራት ፋብሪካ ያዘዛትን ብቻ የምትሠራ ዕቃ፣ እኛ ያዘዝናትን ልትሠራ! ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሕይወቴ ጣፋጩ ነው። በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሥርዓቱን ከጥሬው ማዘጋጀት ከንጋት እስከ ማታ ይፈጃል፤ ማራገቢያችንን ወደ ራሳችን ሳይሆን ወደ ኮምፒውተሩ አዙረን እኛ በላብ እንቀልጣለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፣ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። የመጀመሪያዋን ሳጥን እኔ ገደልኋት፣ ሁለተኛዋን እሱ። ገደልኋት ስል የማትነሣ፣ የማትናገር፣ በር መደገፊያ ሆነች ማለቴ ነው። ሦስተኛዋ ስትነሣ እድሪስ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ጨፈረ። እኔ ኮቴን አስተካከልሁ።

ሥራ የሰጡን እሜቴ ደብሬ ናቸው። ከጎጃም ወጣት ሆነው የወረዱ፣ ሻይ ቤት ከፍተው የኖሩ፣ በስተርጅና ከወንዙ ዳር መሬት ይዘው ሽንኩርት የጀመሩ ሴት። ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጉድጓድና ውሃ ውስጥ በሚሰጥም ፓምፕ ላይ አፍስሰዋል። ጉድጓዱ ግን የሳቸው ብቻ አይደለም፤ ቀትር ላይ የአካባቢው ከብት ሁሉ እዚያ ይጠጣል፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። ከብቱ ሲጠጣ ይደርቃል፣ እስከ ማታ ቀስ ብሎ ይሞላል። ስለዚህ ፓምፑ የሚነሣው ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ቀትር ላይ ቢነሣ አየር ስቦ ይቃጠላል። ዘበኛቸው አንድ ቀን ይረሳል፣ አንድ ቀን ይሰክራል። «አንድ የማይሰክር ዘበኛ ሥሩልኝ» አሉን። ሠራንላቸው። ሳጥኗን ከፓምፑ ማብሪያ ጋር አገናኘን። መብራት ሲጠፋ ጊዜዋን እንዳትረሳ ከሞተ ፎቶ ኮፒ ማሽን የነቀልናትን የሰዓት ቺፕ ከነባትሪዋ ሰጠናት። እኔም የሐበሻ ሰዓት ትቁጠር አልሁ፤ ሐሳቡ የኔ ነው፣ ማንም አይወስድብኝም። እሜቴ ደብሬ ቁጥር ያውቃሉ፣ «አሥራ ስምንት ሰዓት» የሚል ነገር ግን አያውቁም። ሳጥኗ ላይ «አሥራ ሁለት» ሲያዩ አሥራ ሁለት መሆን አለበት።

የተጣላነው እዚህ ላይ ነው።

«ያ ዞል፣ ልቡን አትንካው» አለኝ እድሪስ፤ «አንተ ሰው» ለማለት እንደ ማዶ ሰዎች ነበር የሚጠራኝ። «ሰዓቱ ከሥር እንደ ዓለሙ ይቁጠር። አንተ ገጹን ለውጥ፤ ለእሜቴ ሲያሳያቸው ስድስት ቀንሶ ያሳያቸው።»

«እኔ የፈረንጅ ሰዓት የሐበሻ ቀለም አልቀባም። ከሥሩ ነው የምለውጠው።»

«ከሥሩ ከለወጥኸው አንድ ቀን ኢንተርኔት ያገኛል። ሲያገኝ ትክክለኛውን ሰዓት ከሩቅ ይጠይቅና ራሱን ያርማል፤ ይህን የሚያደርግ ፕሮግራም ውስጡ አለ።»

«ኢንተርኔት? መተማ? አንተ ደግሞ! ስልክ እንኳ ጣሪያ ላይ ወጥተን አይደል የምናናግር?»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ዛሬ እውነቱን ልናገር። ገጹን መለወጥ ብዙ ቦታ ገብቶ ብዙ ጽሑፍ ማረምን ይጠይቃል፤ ሞክሬው አልተሳካልኝም ነበር። ልቡን ማዛባት ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቺፑን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መሙላት ብቻ። ያልቻልሁትን ነገር ኩራት አስመስዬ አቀረብሁት። በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ፤ ሰው ሳይነቃብኝ።

በዚህም አላበቃሁም። ሳጥኗ ስትነሣ የምትደረድረውን የሠሪዎች ስም ሁሉ አጠፋሁና በቦታው «ሠሪ፦ መሐንዲስ አየልኝ» ብዬ ጻፍሁ። ሌላ ሰው ገብቶ እንዳያይም በይለፍ ቃል ቆለፍኋት። እድሪስ ሲያይ በአፍንጫው የሚያዜመውን አቆመ።

«እነዚህ ሰዎች ምን በደሉህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ስማቸውን ለምን ፋቅኸው? ልፋታቸውን በነጻ ሰጡን። የለመኑን አንድ ነገር ነው፤ ስማችንን አትፋቁ፣ ስታሳልፉት ክፍቱን አሳልፉት።»

«ክፍቱን ካሳለፍሁት ነገ ገላባት ያለው ሁሉ መሐንዲስ ይሆናል።»

«ይሁና!» አለ። «ምን ይቀነስብሃል?»

ሰደብሁት። ምን እንዳልሁት አልጽፈውም። በማግስቱ ሻይ ይዞልኝ መጣ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ሳጥኗ ሦስት ዓመት ሠራች። አንድ ቀን አልሳተችም። ማታ ከቁጥሯ ላይ አሥራ ሁለት ሲመጣ ፓምፑ ያጓራል፣ ውሃው በቦዩ ይሮጣል፣ እሜቴ ደብሬ ነጠላቸውን አገልድመው ሽንኩርታቸው መካከል ይቆማሉ። ከገለጉ ሳይቀር ሰዎች በጭነት መኪና እየመጡ አዩዋት፤ ከሳንጃ አንድ ባለእርሻ መጥቶ «ለኔም ሥራልኝ» አለኝ። እኔ ስናገር እድሪስ አጠገቤ ቆሞ ፈገግ ይላል፤ «እኛ» ማለት ሲገባኝ «እኔ» ስል አንድ ቀን አላረመኝም። ዛሬ ዛሬ የምንሰማው ወሬ ሁሉ ስለ ተኩስና ስለ መንገድ መዘጋት ነው፤ ያኔ የከተማው ወሬ ሰዓት የምትቆጥር ሳጥን ነበረች ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ሦስተኛው ዓመት ላይ የኔትወርክ ማማ ተተከለ። ኢንተርኔት ገባ። እሜቴ ደብሬ ሩቅ አገር የምትማር ልጃቸውን ፊቷን ማየት ፈለጉና እድሪስን ለመኑት። እሱ ከሲም ካርዱ ጋር የሚሰካውን ዕቃ ገዝቶ፣ ሳጥኗ ላይ ከመሰካቱ በፊት ወደኔ መጣ። እኔ ከሱቄ በር ላይ ዳማ እየተጫወትሁ ነበር፣ እያሸነፍሁ።

«አየልኝ፣ ያን ሰዓት የሚጠይቀውን ፕሮግራም አጥፍተኸዋል?»

«ከመጀመሪያው ነው ያጠፋሁት» አልሁ፣ ዓይኔን ከገበታው ሳላነሣ።

«እርግጠኛ ነህ? የይለፍ ቃሉን ስጠኝና እኔ ልየው።»

«አጥፍቼዋለሁ አልሁህ እኮ! ማን ሆኜ ነው?»

አላጠፋሁትም ነበር። መኖሩን እንኳ ረስቼው ነበር። እሱ አመነኝ፤ ሄዶ ሰካው። የእሜቴ ደብሬ ልጅ ፊት በስልካቸው ላይ ብቅ አለ፣ አለቀሱ፣ እድሪስን መረቁት። ሳጥኗም ኢንተርኔቱን ስታገኝ እንደተፈጠረችበት ሰዓቱን ጠየቀች፣ ተነገራት፣ ራሷን አረመች። በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም በነሱ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሆነ። ፓምፑ ተነሣ። ከብቱ ጠጥቶ ጉድጓዱን አሸዋ አድርጎት ሄዷል፣ እሜቴ ደብሬ ገበያ ናቸው፣ ዘበኛው ጥላ ሥር ተኝቷል። ሲነቃ የሸተተው የተቃጠለ ላስቲክ ነው። መጋቢት ነበር፣ ድንጋይ የሚያቃጥል ወር፤ ሽንኩርቱ ለመነቀል ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ሌላ ፓምፕ ከጎንደር እስኪመጣ ቅጠሉ ገለባ ሆነ፣ ራሱ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍሬ አነሰ።

እኔ እንደሰማሁ ነው የገባኝ። ማንም ሳይነግረኝ፣ ሳጥኗን ሳላያት። ሌላው ቢቀር ብልህ ነኝ።

ነገሩ በሽማግሌ ፊት የታየው በገበያ ቀን ነው፣ ሽንኩርት ከሚራገፍበት ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ሥር። ባሻ ደምሌ አንገሬብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱ ሰዓቶች በሁለቱ እጆቻቸው። እሜቴ ደብሬ መሬት ላይ። ዙሪያውን ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ጉዳዩ የማይመለከተው ሁሉ።

«ሳጥኗን መጨረሻ የነካ ማነው?» አሉ ባሻ።

«እኔ ነኝ» አለ እድሪስ። «ዕቃ ሰክቼባታለሁ። ከመሰካቴ በፊት ግን አየልኝን ጠይቄዋለሁ፤ አጥፍቼዋለሁ ብሎኛል።»

«ምኑን?»

ሊያስረዳ ሞከረ። ከሩቅ ስለሚመጣ ሰዓት፣ ስለ ልብና ስለ ገጽ ነገራቸው። አንድም ሰው አልገባውም። «ሳጥኗ ፀሐዩን ትታ ሰማይ ጠየቀች ነው የምትለን?» አለ አንዱ ተሸካሚ፣ ሁሉም ሳቁ። ባሻ ወደኔ ዞሩ።

«አየልኝ፣ የምታውቀው አንተ ነህ። እስቲ ንገረን።»

ያን ሁሉ ዓይን አስታውሰዋለሁ። በዚያ ቀን ኮቴን ለብሻለሁ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን እንዲህ አልሁ፦

«የሠራኋት ሳጥን ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልሳተችም። የተነካችው አሁን ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?»

«አልጠየቅሁህም?» አለኝ እድሪስ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ስንቱን ነገር ትጠይቀኛለህ፣ የቱን ላስታውስ?»

ደግመው ሳቁ። እድሪስ ወደ ባሻ ዞረ። «እንግዲያ ቃሉን ይስጠኝና እዚሁ በፊታችሁ ልክፈታት። ውስጧ ይናገር።»

«ስጠውና ይክፈታ» አሉ ባሻ።

«ካበላሸ በኋላ ደግሞ ሆድ ዕቃዋን ልስጠው?»

ያች ንግግር ጨረሰችው። እሜቴ ደብሬ አልጮሁም፣ አልተራገሙም። «አይ እድሪስ» ብቻ አሉ፤ «እኔስ እንደ ልጄ ነበር የማይህ።» እሱ አንገቱን ደፋ። ያልሠራውን ጥፋት ያመነ መሰለ፤ ለሳቸው አዝኖ ነው የደፋው፣ እኔ አውቃለሁ።

በዚያው ሳምንት ወደ እርሻው ሄጄ ሳጥኗን ብቻዬን ከፈትኋት፤ ፕሮግራሙን አጠፋሁ፣ ሰዓቱን መለስሁ። «መሐንዲስ አየልኝ አዳናት» ተባለ። የእድሪስ ጠረጴዛ ግን ባዶ ሆነ። «እጁ ያቃጥላል» ይላሉ፤ ከኒሙ ሥር አልፈው ወደኔ ይመጣሉ፣ እኔም ዕቃቸውን እቀበላለሁ። ክረምቱ ሲገባ የገመድ አልጋውንና መሣሪያውን በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ ጭኖ ወደ ድልድዩ ሲሄድ ከሱቄ በር ላይ ቆመ። ጀላቢያው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«አየልኝ፣ ቃሉ ምን ነበር?»

«አሁን ምን ያደርግልሃል?»

«ምንም። ለማወቅ።»

«ረስቼዋለሁ» አልሁት።

ቃሉ ስሜ ነበር። የገዛ ስሜ፣ ሌላ ምንም ያልተጨመረበት። አንድ ጊዜ ቢሞክር ይከፍታት ነበር። እድሪስን የሚያህል ራስ ያለው ሰው ያን አላሰበም ብዬ አላምንም፤ ያልተሰጠውን አይከፍትም ብቻ። ማዶ ሄዶ ሥርዓቱን ከክፍቱ ጀምሮ እንደገና ሠራው፤ ልቡን ሳይነካ፣ ገጹን ለውጦ፣ እኔ ያቃተኝን። የኻሊድን ሳጥን መስመር በመስመር አንብቤያታለሁ፤ አንድ የጎደለ ነገር ፈለግሁ፣ የለም። እኔ የፋቅሁትን የሠሪዎቹን ስም በየቦታው መልሶታል። የራሱን ስም የትም አልጻፈም። ሐሳቡ የኔ ስለነበር ብቻ የኔን ጻፈ።

እሜቴ ደብሬ አርፈዋል፤ ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው ተቀበሩ። እድሪስን ድልድዩን በሚሻገረው ሕዝብ መካከል ፈልጌዋለሁ፣ ያገሩን ሰዎች ጠይቄያለሁ፤ አንዱ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ ይለኛል፣ አንዱ አላውቅም ይለኛል። ስለዚህ ባለፈው የገበያ ቀን በሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ መተማ ወረድሁ። ቢያንስ ስሙን ባጠፋሁበት ቦታ ልመልሰው ብዬ ነው። ኒሙ ተቆርጦ ባለፎቅ ቤት ቆሟል። ራኩባው የለም። ገበያው በማላውቃቸው ሰዎች ተሞልቷል፤ «እድሪስ» ስላቸው «የቱ እድሪስ?» ይሉኛል። በመጨረሻ ባሻ ደምሌን አገኘኋቸው፣ በልጃቸው የሲሚንቶ መደብር በር ላይ ተቀምጠው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸው ላይ ሰዓት የለም።

«ባሻ፣ ከኒሙ ሥር ሬዲዮ የሚሠራውን እድሪስን ያስታውሱታል?»

«አሃ!» አሉ፤ «ያ ፓምፕ ያቃጠለው!»

«እሱ አይደለም ያቃጠለው። እኔ ነኝ።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ዳማው፣ ስለ ቃሉ። ስጨርስ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው በሳቅ ፈነዱ፣ ሲሚንቶ የሚጭኑትንም ጠሩ።

«ኑ ስሙ! ይሄ መሐንዲስ አየልኝ ነው። ይኑር ይሙት ለማይታወቅ ሰው ብሎ ጥፋቱን ሊሸከምለት ከሸሕዲ መጣ! የድሮ ሰው እንዲህ ነበር፣ አያችሁ?»

«ባሻ፣ እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው። «አንተ እኮ ተሳስተህ አታውቅም።»

ሲሚንቶ ተሸካሚዎቹ አቧራቸውን እያራገፉ በአክብሮት ያዩኛል። ከነሱ አንዱ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ተቀመጥሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ልናገር አፌን ስከፍት ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሻይ ይምጣልዎ?» አለኝ።

«ይምጣ» አልሁ።